ጉዱ ካሳ በማሽላ ማማ ላይ

አንባቢ ሆይ፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ፊደል ላልቆጠረው ሰው የደረሰው ግን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስለ ተረከው ነው። በማስተምርበት በቆቦ ማሽላው ሲያፈራ ወፍ ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይውላል፤ ዛሬም ያንኑ ትረካ ከእጅ ስልኩ ይሰማል። አንድ ገበሬ ስለ ጉዱ ካሳ ብጠይቀው፣ «ጉዶቹስ እነሱ ናቸው!» አለኝ። ለፈተና ብለው ካነበቡት ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ፍርድ አልሰማሁም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «መስማት ማንበብን አይተካም» ይላሉ። እርግጥ ነው፤ የደራሲው ረጅም ዐረፍተ ነገር ተመልሰው ሲያነቡት የሚሰጠው ጣዕም አለ። ዳሩ ግን ጥበብን ፊደል ከቆጠርነው ጋር ብቻ ዘግተን ለማን ልናቆያት ነው? ያ ገበሬ እኮ አሁን መጽሐፉን አውሰኝ ይለኛል፤ ያመለጠውን ልጁ እንድታነብለት።