ንጉሡ መሄጃ ሲያጣ

ትናንት ማታ ቼዝ ስንጫወት ታናሽ ወንድሜ ንግሥትና ሁለት ወታደር ይዞ ብቻውን የቀረውን ንጉሤን ጥግ አስገባው። የኔ ንጉሥ ኤ8 ላይ ነው፤ እሱ ንግሥቱን ቢ6 ላይ አሳረፈና «በቃ!» አለ። ቼክ የለም፣ መሄጃም የለም። ስቴልሜት! በሕጉ ጨዋታው እኩል ነው። «ይሄ ሕግ ሳይሆን ማጭበርበር ነው» እያለ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

እውነት ለመናገር ግማሽ ልቤ ከሱ ጋር ነው። ሕጉም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። እንግሊዝ አገር በ18ኛው መቶ ዘመን ተጋጣሚውን እንዲህ መሄጃ ያሳጣ ተጫዋች ጭራሽ ተሸናፊ ይባል ነበር (ይሄንን ለወንድሜ አልነገርኩትም)። እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1921 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኢማኑኤል ላስከር ደግሞ መሄጃ ያሳጣው ሰው ከእኩል የበለጠ፣ ከድል ያነሰ ነጥብ ያግኝ ባይ ነበር። እኔም እዚያው ነኝ፦ ሦስት ሩብ ለከበበው፣ ሩብ ለተከበበው።

ሙሉ ድል ግን አይሁን። ከሆነማ አንድ ወታደር ብቻ ሲቀር ንጉሥን ከንጉሥ ፊት ለፊት አቁሞ መንገድ መዝጋት የሚባለው ጥበብ ከንቱ ሊቀር ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ ሌላ የማውቀው የለኝም።