ከልክ ያለፈ ጽዳት

አንድ ፕሮግራም በኮምፒዩተር ላይ ሲጫን ብዙ ሰው የሚያየው አረንጓዴው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ብቻ ነው። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ከመስመሩ በስተጀርባ የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ኢንስቶለር የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከኦፊስ 2000 ጋራ የመጣ ሲሆን፥ ጠባዩ እንደ ጠንቃቃ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ ያስገባውንም ያወጣውንም ይመዘግባል፤ ሥራው መካከል ላይ ቢሰናከል የነካውን ወደ ነበረበት ይመልሳል። እርሱ የማያውቀው ሥራ ሲያጋጥም ፕሮግራም ሠሪው የራሱን ትእዛዝ ይጨምርለታል፤ ይኸውም ከስተም አክሽን ይባላል። እኔን ጉድ ያፈላብኝ ይኸው ነው።

ለመድኃኒት መደብሮች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። አንድ ደንበኛ፥ «ፕሮግራምህን ካራገፍሁት በኋላ ፋይሉ ተዝረክርኮ ቀረ» ብሎ ቢወቅሰኝ፥ ሲራገፍ የመዝገቡን ፎልደር ጠርጎ የሚያጠፋ ከስተም አክሽን ጨመርሁ። ስድስት መስመር ብትሆን ነው፤ በእውነቱ በጽዳቴ ኰርቼ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ አዲሱን እትም ይዤ በዕድሜ ወደ ገፉ አንዲት እመቤት መድኃኒት ቤት ሄድሁ። ጭነቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ፋይል ሊተካ ባለመቻሉ ተሰናክሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። እኔም፥ «አይዞዎት እትዬ፥ የቀድሞው ራሱ ይመለሳል» አልኋቸው። እውነትም ተመለሰ። እርሳቸው ከፍተው አዩና፥ «ፕሮግራሙስ አለ፥ ልጄ፤ መድኃኒቶቼ ግን የት ገቡ?» አሉኝ።

የሁለት ዓመት መዝገብ ባዶ ሆኖ ነበር። አዲስ እትም ሲጫን አሮጌው እንደሚራገፍ ዘንግቼ ኖሯል፤ መጥረጊያዬም «ጨርሶ እየወጣ ነው ወይስ ለታናሽ ወንድሙ ቦታ እየለቀቀ?» ብሎ አልጠየቀም። ለዚህ አፕግሬዲንግ ፕሮዳክት ኮድ የሚባል ምልክት አለ፤ እኔ አላየሁትም። ዊንዶውስ ኢንስቶለርም የራሱን ፋይሎች መለሰ እንጂ እኔ ያጠፋሁትን ስላልመዘገበው ሊመልሰው አልቻለም። የጠፋውን የሚመልስ ሌላ ትእዛዝ፥ ሮልባክ የሚሉትን፥ ከመጥረጊያው ማስቀደም የእኔ ፈንታ ነበር።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከዚህ የባሰው ነው። ሲራገፍ የሚሠራው በየደንበኛው ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ተደብቆ የተቀመጠው የአሮጌው እትም ቅጂ ነው፤ ስለዚህ አዲሱን የቱንም ያህል ባሳምረው አሮጌው ሲወጣ ጠርጎ ይወጣል። እንዲህ ያለ መጥረጊያ በአሥራ አንድ መደብሮች አስቀምጬ ነበር! ለሁሉም ስልክ ደውዬ አዲሱን እንዳይነኩ ለመንሁ። ከዚያም የምርት መለያውን ሳልለውጥ፥ የእትሙን ቁጥር ብቻ ከፍ አድርጌ አሮጌውን አረምሁ፤ የተደበቀውም ቅጂ እንዲተካ አድርጌ በየመደብሩ ጫንሁ። አዲሱ የተላከው ከዚያ በኋላ ነው።

እመቤቲቱ የግዢ ደረሰኞቻቸውን በካርቶን ያስቀምጡ ነበር (ልጆቻቸው «ይኸን ቆሻሻ ለምን ታከማቻለሽ» ይሏቸው ነበር አሉ)። ዘጠኝ ምሽት አብረን ተቀምጠን፥ እርሳቸው እያነበቡ እኔ እየጻፍሁ፥ የዕቃውን መዝገብ አደስን። የሽያጩ ዝርዝር ግን አልተገኘም። በመጨረሻው ምሽት ቡና አፍልተው አጠጡኝና ካርቶኑን መልሰው ከመደርደሪያው ሥር ገፉት።