ያልታየችው ቀለበት

“ውሃን ምን ያስጮኸዋል?” ቢሉ “ድንጋይ” ይላል ያገራችን ሰው። ውድ አንባቢያን! የዚህን አባባል እውነትነት በዓይናችን ያየነው ከአገራችን ርቀን፣ በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ቢግ ሳንዲ ክሪክ ከሚባለው የተራራ ወንዝ ዳርቻ ቆመን ነው።

ጊዜው ግንቦት 2015 ዓ.ም. ነበር። እኛ ሁለት ታላላቆችና ታናሽ ወንድማችን ሱብሒን ሰግደን ከምንኖርበት ሜሪላንድ ተነሳን። ሦስታችንም ካያክ የተባለውን ጠባብ ጀልባ መቅዘፍ በመዋኛ ገንዳና በረጋ ወንዝ ላይ ለሦስት ዓመት ተምረናል።

ካያክ እንደ ጣና ታንኳ ከላዩ ክፍት አይደለም። ቀዛፊው እግሮቹን ወደ ውስጥ ዘርግቶ ይቀመጥና ውሃ እንዳይገባበት ወገቡ ላይ የታጠቀውን የጎማ ሽርጥ በመቀመጫው አፍ ዙሪያ ወጥሮ ይዘጋዋል። ጀልባው ተገልብጦ መልሶ ማቃናት ቢያቅተው፣ በሽርጡ ፊት ያለችውን የመጎተቻ ቀለበት ስቦ ይወጣል። ቀለበቷ ወደ ውስጥ ታጥፋ ከተዘጋች ግን፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቁልቁል ለተዘቀዘቀ ሰው መውጫ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ሮክቪል ከተባለው ስፍራ ስንደርስ ሌሊቱን በጣለው ዝናብ ወንዙ ከፍ ብሏል። ውሃው ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ነጭ አረፋ ይደፍቃል። ከታች ደግሞ ወደ 5 ሜትር ተኩል የሚወረወረው ዎንደር ፎልስ የተባለ ፏፏቴ አለ። ታናሻችን ቸኩሏል። ካያኩን ከውሃው ከፍ ባለ ልሙጥ ድንጋይ ላይ አድርጎ ገባና ሽርጡን ዘግቶ ለመንሸራተት ተዘጋጀ።

“ቆይ፣ እንተያይ” አልነው። ከመግባታችን በፊት የራስ ቁሩን፣ የሕይወት አድን ጃኬቱንና ሽርጡን አንዳችን የሌላችንን መፈተሽ ልማዳችን ነው።

“ሦስት ዓመት ስዘጋው የኖርኩትን ሽርጥ ዛሬ ልትፈትሹት? አብሽሩ!” አለ ፊቱን ቋጠር አድርጎ።

ጎንበስ ብለን አየን። ቀለበቷ የለችም! ከሽርጡ ጠርዝ ጋር ታጥፋ ወደ ውስጥ ገብታለች።

ማናችንም አልተናገርን። ሽርጡን አላቆ ቀለበቷን አወጣ፤ ስቦም ሞከራት። አንዳችን የመወርወሪያ ገመድ ይዘን ከታች ቆምን። “ቢስሚላህ” ብሎ ተንሸራተተ። የካያኩ አፍንጫ ጠልቆ ብቅ አለ፤ ወዲያው ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ ውሃው ከሚያርፍበት ጥግ ገብቶ መቅዘፊያውን ከፍ አደረገልን። ፏፏቴውን ግን በዚያን ቀን ካያኮቻችንን ተሸክመን በእግራችን አለፍነው።

እህት ወንድሞች! ልምድ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በማያውቀው ሳይሆን አዘውትሮ በሚሠራው ነገር ነው። እጁ ስለለመደው ዓይኑ አያየውም። ስለዚህ መስታወት የሚሆነው ወንድም ያስፈልገዋል።

ማታ ስንመለስ ታናሻችን ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ “የተቆጣሁት የደፈራችሁኝ መስሎኝ ነው” አለን። እውነትም ደፍረነው ነበር። ለካ ለእናታችን በሰላም ያስረከበው ያው ድፍረታችን ኖሯል።