ወለቃ በመስከረም

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዝን ወለቃ ደረስን። ሜዳውን አደይ አበባ ሸፍኖታል። ቤተ እስራኤል መስጊድ ይሉት የነበረው የጸሎት ቤታቸው ዛሬም ቆሟል፤ የሚጸልይበት ግን የለም።

በቀድሞው ጊዜ የሰባተኛው ወር ጨረቃ ስትታይ ብርሃን ሠረቀ የሚባለውን በዓል ያከብሩ፥ በዐሥረኛውም ቀን የአስተስርዮን ጾም ይጾሙ ነበር። ቄሶቻቸው ኦሪትን የሚያነቡት በዕብራይስጥ ሳይሆን በግዕዝ ነው፤ ግዕዝን የራሳችን ብቻ አድርገን የምንቈጥር ሁላችን ይህን ልናስተውል ይገባናል። ለሙታን መታሰቢያም እህል በምድር ላይ ይበትኑ፥ ወፎችም ይለቅሙት ነበር።

አንዲት የመንደሩ ባልቴት፥ «በጾማቸው ሌሊት ዜማቸው እስከ ደጃችን ይሰማ ነበርና ልጆቻችንን ዝም በሉ እንል ነበር» አሉን።

በ1977 ዓ.ም. ብዙዎች በሱዳን በኩል ወጡ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። በዚያ ሽማግሌዎቹ ቄሶች በግዕዝ ያዜማሉ፤ እዚያው የተወለዱት ልጆች ግን ጸሎትን የሚማሩት በዕብራይስጥ ነው።

በመንገዱ ዳር የዳዊት ኮከብ ያለበት የሸክላ ምስል ይሸጣል። ሻጮቹ የቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ናቸው። እኛም አንድ ገዛን።