እጄ የሚያመነታበት ፋይል

ሥራዬ ጥብቅና ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ የወጣ ነገር ለፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲበቃ እንዴት እንደሚያዝ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አስረዳለሁ። ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ግን ዛሬ ልናዘዝ። ወገኔ ሲበደል የሚያሳይ ቪዲዮ ሲወጣ ለአፍታ አልዘገይም፤ አወርደዋለሁ፣ እመዘግበዋለሁ፣ «ሳይጠፋ ያዙት» ብዬ ለሌሎችም እልካለሁ። ወገኔ በዳይ ሆኖ ሲታይ ግን፣ ኋላ ባስቀምጠውም፣ መጀመሪያ እጄ ያመነታል። «ቅንብር ቢሆንስ?» እላለሁ። «ሌላ ሰው ይዞት ይሆናል» እላለሁ። በፊተኛው ቪዲዮ ላይ እንዲህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ይህን የሚያይብኝ የለም፤ አሠራሩን አክብሬ እሠራለሁና። ስክሪንሾት ብቻውን ደካማ ነው፤ ስምና ጽሑፍ ቀይሮ ማንሳት ለማንም አይከብድም። ስለዚህ ሙሉ ሊንኩን፣ የአካውንቱን መለያ፣ ከሥሩ ያለውን አስተያየት፣ ገጹን የከፈትኩበትን ቀንና ሰዓት እጽፋለሁ። ሰዓቱ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ አንድ ልጥፍ አዲስ አበባና ዋሽንግተን ባሉ ስልኮች ላይ የተለያየ ሰዓት ያሳያል፤ እኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለውን ሌላው 2 ሰዓት ይለዋል፤ የዘመን አቆጣጠሩም ሁለት ነው። ቪዲዮ በዋትስአፕ ሲላክ ይጨመቃል፤ መቼና በምን እንደተቀረጸ የሚናገረው ሜታዳታም ይራገፋል። ስለዚህ ቀራጩ ዘንድ ያለውን ዋናውን ፋይል አፈላልጋለሁ። ከዚያ ሻ-256 በሚባለው ስሌት ሃሹን አወጣለሁ፤ 64 ፊደላትና አሃዞች ናቸው፣ ከፋይሉ ቅንጣት ብትነካ ፈጽመው ይለወጣሉ። ዋናውን አኑሬ በቅጂው እሠራለሁ፤ ፋይሉ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈም እመዘግባለሁ።

ይህ ሁሉ የሚመሰክረው ፋይሉ እኔ ዘንድ ከደረሰ ወዲህ እንዳልተነካ ነው። ሳላስቀምጥ ላልፈው ስለምችለው ግን አንድም ቃል አይናገርም። ፈተናዬ እዚያ ነው ያለው። እውነተኛ ፋይሎችን ብቻ ሰብስቤ፣ አንዱንም ሳልነካ፣ ሐሰተኛ ታሪክ ላቆም እችላለሁ።

ራሴን ስመረምር የሌላ አገር መዝገቦች እንቅልፍ ይነሱኛል። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በሊቢያዊው አዛዥ ማሕሙድ አል-ወርፈሊ ላይ የእስር ማዘዣ ያወጣው በአብዛኛው በማኅበራዊ ሚዲያ የተሠራጩ ቪዲዮዎችን ይዞ ነው። ማዘዣው በ7 ድርጊቶች ስለተገደሉ 33 ሰዎች ይናገራል፤ ከልጥፎቹ መካከል የገዛ ብርጌዱ የመገናኛ ክፍል ያወጣቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን፣ ካሜሩናውያን ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን ሲገድሉ የሚያሳየውን ቪዲዮም የቀረጸው ከመካከላቸው አንዱ ነው። መንግሥት በመጀመሪያ ሐሰት ነው አለ። የቢቢሲ መርማሪዎች ግን ከጀርባ የሚታየውን ተራራ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩ፤ ከጥላው ተነሥተው ጊዜውን ለዩ። እ.ኤ.አ. በ2020 አራት ወታደሮች 10 ዓመት ተፈረደባቸው።

እንዲህ ያለ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚታየው በበዳዩ ወገን ነው። በጉራ ይቀረጻል፣ «የእኛ» በምንለው የቴሌግራም ቡድን ይለቀቃል፣ ነገሩ ሲከር ይሰረዛል። የሟች ዘመድ እዚያ ቡድን ውስጥ የለም። እኔ ግን አለሁ። ማሽንም ጊዜ አይሰጥም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዩቲዩብ ጽንፈኛ ይዘት እንዲለይለት ያሰማራው ሥርዓት በሶርያ ጦርነት የተቀረጹ ቪዲዮዎችን በሺዎች አንሥቷል።

በአገራችንም በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ስማቸውና ፎቷቸው አስቀድሞ ፌስቡክ ላይ ከውንጀላ ጋር መለጠፉን ልጃቸው ናይሮቢ ውስጥ በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ ባቀረበው ክስ ይገልጻል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። እነዚያ ልጥፎች አስቀድመው የደረሱት ለገጾቹ ተከታዮች ነው። ከእነርሱ አንዱ ብሆን ኖሮ እጄ ምን ያደርግ ነበር?

የማመንታቴን ሥር ሳወጣው ሁለት ነገር አገኛለሁ፦ ወገኔን መውደድና «ባንዳ» መባልን መፍራት። ፍቅሩን አልክድም፤ አላፍርበትምም። ፍርሃቱ ግን ገዳይን ከሟች አስበልጦ ይጠብቃል፤ ይህን ሳውቅ ሕግ አወጣሁለት። የሚያሳፍረኝን አስቀድሜ አኖራለሁ። ቅንብር መሆኑን ብጠረጥር ጥርጣሬዬን ከጎኑ እጽፋለሁ፤ ደስ የሚለኝን ቪዲዮም በዚያው ዓይን እመረምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው የዲጂታል ምርመራ መመሪያ፣ የበርክሌይ ፕሮቶኮልም፣ መርማሪ ከገዛ አድልዎው እንዲጠነቀቅ ያሳስባል። ማጣራቱ የባለሙያ ነው፣ መፍረዱ የዳኛ። የእኔ ድርሻ ሁለቱም የሚያዩት ነገር እንዳይጠፋ ማድረግ ነው።

እናንተም «የእኛ» በምትሉት ቡድን ውስጥ ያላችሁ፣ ከመሰረዙ በፊት ያያችሁት እናንተ ብቻ ልትሆኑ ትችላላችሁና አስቀምጡት።