የአባቴ ዱካ

ሚያዝያ 26 ቀን 1978 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ አባቴም ካረፉ ገና 9 ወር መሆኑ ነበር። በደብረ ብርሃን በሚገኘው ቤታችን የ55 ቀኑ ጾም ሲፈታ ለእንግዳ ሥጋ የመጥበሱ ሥራ ዘወትር የእርሳቸው ነበር። በዚያ ዕለት ረፋድ ላይ እናቴ ከቅርጫው የደረሳትን መደብ ተረክባ ገባችና፣ «ልጄ፣ ዘንድሮ እሳቱ ያንተ ነው» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ዝግጅቱን በማየት ተምሬው ነበር። ከሥጋው ለጥብስ የሚሆነውን ለይቼ አውራ ጣት በሚያህል ውፍረት ዘለዘልሁት። በርበሬ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ጥቂት ዘይትና አንድ ስኒ ጠጅ አዋሕጄ አዋዜ በጠበጥሁ። ዝልዝሉን በአዋዜው ለውሼ፣ ከድኜ ለ2 ሰዓት ያህል ቀዝቃዛው ጓዳ ውስጥ አቆየሁት።

ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ ሽታም ሆነ መልክ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስለሚያወጣ ምድጃውን ደጅ አውጥቼ አቀጣጠልሁ። የአባቴ ወዳጆች እንደ ልማዳቸው መጥተው ተቀምጠዋል። «ባለቤቱ ሲሞት ቤቱም ቀዘቀዘ» እንዳይሉ ፈራሁ። ስለዚህ በማራገቢያ አጥብቄ አራገብሁና ነበልባሉ ሳይበርድ ሥጋውን በሽቦው ርብራብ ላይ ደረደርሁት። አዋዜው ከነዘይቱ ወደ ከሰሉ ሲንጠባጠብ እሳቱ ሽቅብ ተነሣ። ጥቂት ቆይቼ አንዱን ብቆርጠው ላዩ ከሰል መስሏል፤ ውስጡ ግን ጥሬ ነው። በርበሬውም አርሮ መሯል። ማራገቢያውን እንደ ያዝሁ እንባዬ መጣ። ግማሹ ሥጋ ጠፍቷል፤ ሌላ የሚገዛበት ገንዘብም አልነበረም።

እናቴ አልተቆጣችም። ያረረውን ሰብስባ፣ ጥቁሩን ፍቃ ጣለችና ቀሪውን ለወጥ ከተተችው። ከዚያም ወደ ቤት ገብታ የአባቴን ዱካ አምጥታ ከምድጃው አጠገብ አኖረችው። «ተቀመጥ» አለችኝ። «አባትህ እሳቱ ሳይበስል ሥጋው አይበስልም ይሉ ነበር።»

ተቀመጥሁ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። አባቴ በየበዓሉ በዚያ ዱካ ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ እሳት የሚሞቁ ይመስለኝ ነበር። አልፎ አልፎ መዳፋቸውን ከፍሙ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው በለሆሳስ ሲቆጥሩም ጨዋታ መስሎኝ ስቄ አውቃለሁ። ለካስ ሥራቸው ያ ነበር! እኔም መዳፌን ዘርግቼ መቁጠር ጀመርሁ። መጀመሪያ ሁለት ሳልል እጄ ሸሸ። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ነጭ አመድ ሲለብስ አራት ደረስሁ። የቀረውን ዝልዝል ትርፉን አዋዜ እያራገፍሁ ደረደርሁት። እሳቱ አልተነሣም፤ ሥጋው ብቻ ቀስ ብሎ ይንጫጫ ጀመር። አንድ ጊዜ ገለበጥሁት፤ ካወጣሁትም በኋላ ጭማቂው እንዳይፈስ ጥቂት አሳርፌ ቆረጥሁት።

ለእንግዶቹ የደረሳቸው ከሌላው ዓመት ያነሰ ነበር። ነገር ግን ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሰው አንድ ጉርሻ ከቀመሱ በኋላ ወደ ደጅ፣ ወደ ዱካው ተመለከቱ። «ተመስገን» ብለው ዝም አሉ።

ዛሬ እኔም የልጆች አባት ነኝ። በበዓል ቀን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ፍሙን ስጠብቅ ትንሹ ልጄ ይቸኩላል።

«አባባ፣ መቼ ነው የምትጀምረው?» ይለኛል።

«ጀምሬያለሁ» እለዋለሁ።