ዐሥራ አንደኛው ዓመት

ወደ አዲስ አበባ ከሚያስገቡት መንገዶች መካከል ሦስቱን ዕለት ዕለት ስለምንመላለስባቸው ከሌሎቹ ይልቅ እናውቃቸዋለን። የጅማው መንገድ በሰበታ፣ የአምቦው በቡራዩ፣ የጎጃሙ ደግሞ በሱሉልታ በኩል ያልፋል። መንገደኛው በመኪና መስኮት የሚያየው የአበባ እርሻ፣ የውኃ ማሸጊያ ፋብሪካ፣ የቆርቆሮ አጥርና ያላለቀ ፎቅ ነው። ከአጥሩ በፊት በዚያ ቦታ ምን እንደ ነበረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛ ግን ይህን ሳንጠይቅ ለማለፍ አንችልም፤ ያጥሩን ወረቀት የጻፍነው እኛ ነንና።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን ከነዚህ ከተሞች ባንደኛው፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት፣ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የተቀጠርነው በ2004 ዓ.ም. ነበረ። በአንዲት ጠባብ ክፍል ሦስት ጸሐፊዎች ነበርን። መሬቱ ለፋብሪካ ወይም ለቤት መሥሪያ የተፈለገበትን ገበሬ ስም፣ የይዞታውን ስፋትና የሚከፈለውን ካሣ በቅጽ ላይ እናሰፍራለን፤ ከዚያም እናስፈርማለን። መሬቱን የሚለኩት ሌሎች፣ ሒሳቡን የሚያወጡትም ሌሎች ናቸው፤ እኛ የምንጽፈው የመጣልንን ነው። «የመጣልንን» የምትለዋን ቃል ያን ጊዜ በጣም እንወዳት ነበረ።

በዚያን ዘመን የሚሠራበት ሕግ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነበረ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ ገበሬው የሚካሠው ለመሬቱ ሳይሆን በላዩ ላይ ላፈራው ነው። ለዘለቄታው የሚነሣ እንደ ሆነም ከመነሣቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በአማካይ ያገኘው የዓመት ገቢ በዐሥር ተባዝቶ ይከፈለዋል። በወረቀት ላይ ሲነበብ ነገሩ ክፉ አይመስልም። ደመወዙን በየወሩ ለሚቈጥር ሰው የዐሥር ዓመት ገቢ ባንድ ቀን መቀበል እንዲያውም ሎተሪ ነው።

በ2005 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን፣ አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ወደ ክፍላችን ገቡ። ጭሰኛ ሆነው ያደጉ ሰው ናቸው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ ሲሰለፉ እሳቸው የሰው መሬት ያርሱ ነበረ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ነው የሚያርሱት መሬት በስማቸው የተጻፈው። እንግዲህ በአንድ ወረቀት ያገኙትን በሌላ ወረቀት ሊያስረክቡ መጡ ማለት ነው። ቅጹ የተጻፈው በኦሮምኛ ስለ ነበረ ቋንቋው አልገባቸውም ለማለት አይቻልም። ልጁ አነበበላቸው፤ እሳቸውም እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ ወደ እኛ ዞረው፣

«ልጆቼ፣ የዐሥር ዓመቱን እህል ሰጣችሁኝ። ዐሥራ አንደኛው ዓመት ሲመጣ ምን አርሳለሁ?» አሉ።

ከመካከላችን አንዱ «አባባ፣ እስከዚያ እግዜር ያውቃል» ብሎ የማኅተሙን ቀለም አቀረበላቸው። ሳቅንም። በክፋት የሳቅን አይመስለንም፤ መልስ የሌለው ሰው የሚስቀውን ሳቅ ነው የሳቅነው። አውራ ጣታቸውን ተጭነው ቀለሙን በመዳፋቸው ጠርገው ወጡ።

መሬቱ ወዲያው በቆርቆሮ ታጠረ፤ ፋብሪካው ግን ለብዙ ጊዜ አልተሠራም። በክረምት ሣሩ ከአጥሩ በላይ ሲታይ ሽማግሌው ተመልሰው መጥተው ለከብቶቻቸው ያጭዱት ዘንድ ፈቃድ ለመኑ። ማመልከቻ እንዲያስጽፉ ነገርናቸው። አስጻፉ። ማመልከቻው በመዝገብ ገብቶ ቁጥር ተሰጠው፤ ሣሩም በዚያው ደረቀ።

አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን በአንድነት የሚያቅደው ማስተር ፕላን የተሰማው በዚህ መካከል ነበረ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአምቦና በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ተቃወሙት፤ ሰውም ሞተ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ብዙውን የኦሮሚያ ክፍል አዳረሰ። የፕላኑ አዘጋጆች ዓላማው ልማትን ማቀናጀት ነው ይሉ ነበረ፤ ምናልባትም ከልባቸው ነው። ገበሬው ግን ፕላኑን አላየውም። እሱ ያነበበው የእኛን ቅጽ ነው።

በእኛ ከተማ የሆነውን በመስኮት አየን። ተማሪዎቹ እጆቻቸውን ከራሳቸው በላይ አነባብረው ከትምህርት ቤት ወጡ፤ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፤ ጎማ ተቃጠለ። ከዚያ ወታደሮች በጭነት መኪና ደረሱ። ድንጋይ ተወረወረ፤ ተኩስም ተሰማ፤ እኛም ከጠረጴዛ ሥር ገባን። ጸጥ ሲል ሁለት ልጆች ቆስለው በባጃጅ ሲወሰዱ አየን። የግቢያችን ጥበቃ ቀለሁን ለቅሞ በሻይ ብርጭቆ ለአለቃችን አስረከበ፤ አለቃችንም «መዝግቡት» አለን። በየትኛው መዝገብ እንደሚገባ ስላላወቅን አልመዘገብነውም።

በዚያ ሰሞን ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ነገሩን ከቅኝ ግዛት ጋር ሲያመሳስሉት ሰምተናል። በዚህ አልተስማማንም፤ ዛሬም አንስማማም። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች በክረምት ጭቃ አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሲዘምቱ፣ ከፍቼ የተነሡት የደጃዝማች አበራ ካሣ ሰዎች በሰሜን በኩል እስከ ከተማው ድረስ ዘልቀው ነበረ። ያን ጊዜ ወታደሩ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ማን ከማን እንደሚዋጋ ግልጽ ነበረ። ከመስኮታችን በታች የቆመው ወታደር ግን ዕድሜው ከተማሪዎቹ እምብዛም የማይበልጥ፣ ምናልባትም አባቱ በሌላ አገር ቤት እርሻ ያለው የገበሬ ልጅ ነበረ። ሆኖም ያን ከባድ ቃል በልጆቹ አፍ ያመጣው ምን እንደ ሆነ አልጠፋንም፤ ቁጥር ሰጥተን ከመደርደሪያ ላይ አስቀምጠነዋልና።

በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ መቅረቱ ተነገረ፤ ነገሩ ግን ከፕላኑ አልፎ ሄዶ ነበረ። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰው አለቀ። በዚያው ሳምንት በሰበታና በአካባቢው ፋብሪካዎችና መኪኖች ተቃጠሉ፤ አስቸኳይ ጊዜም ታወጀ። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ለተወካዮች ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት የሞቱት 669 መሆናቸውን፣ ከነዚህም 495ቱ በኦሮሚያ መሆናቸውን ገለጸ። የሽማግሌው የልጅ ልጅም ከታሠሩት መካከል ነበረ። በካምፕ ቆይቶ «አይደገምም» የሚል ካናቴራ ለብሶ ተመለሰ፤ ካናቴራዋንም ሌላ ስላልነበረው ለብዙ ጊዜ በሥራ ቀን ሲለብሳት እናይ ነበረ።

የቀረውን አንባቢያችን ያውቀዋል። በየካቲት 2010 ዓ.ም. በአድማው መንገዶቹ ተዘጉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ፤ በመጋቢት ሌላ ተተኩ። ወዲያው በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የተገደሉትና የተፈናቀሉት ግን መሬት የወሰዱት ሰዎች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ከደቡብ ለሥራ የመጡ ድኾች ናቸው። ይህን ሳንጽፍ ብናልፍ የመጀመሪያውን ጥፋታችንን መድገም ይሆንብናል።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ወጥቶ የካሣው ብዜት ከዐሥር ወደ ዐሥራ አምስት ከፍ አለ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ጋር ሸገር በሚባለው ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ እኛም መዝገቦቹን በጆንያ እያሰርን አጓጓዝን።

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ያ ልጅ ወደ ክፍላችን መጣ። ልጅ እንላለን እንጂ የልጅ አባት ሆኗል። አያቱ ካረፉ አራት ዓመት አልፏቸዋል። በመጨረሻ በመሬቱ ላይ ፋብሪካው ተሠርቶ ጥበቃ ይቀጥራል፤ ከቦታው ለተነሡ ቤተሰቦች ቅድሚያ ስለሚሰጥ ማስረጃ አምጣ ብለውታል። ፋይሉን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብን። አሻራው አልደበዘዘም። ቀኑን አይተን በጣታችን ቈጠርን፤ ካሣው የተሰላላቸው ዐሥር ዓመታት ባለፈው አዝመራ አልቀዋል። እሱም ሲቈጥር አየነው፤ ግን ምንም አላለም። ቅጂውን አውጥተን ማኅተም አደረግንበት። የሚከፈለውን ከፍሎ ደረሰኙን ተቀብሎ ሄደ።